ሽምግልና በኋላ ማርሽ

እኔ ስለ አየር የማውቀው ለተማሪዎቼ የማስተምረውን ያህል ነበር። አይታይም፣ አይሸትም፣ ግን ቦታ ይይዛል፣ ክብደትም አለው። ፈተና ላይ ይህንን የጻፈልኝ ተማሪ ሙሉ ነጥብ ያገኛል። አየር የሰውን ትዳር ገና ሳይጀመር ሊያፈርስ እንደሚችል ግን መጽሐፉም አይልም፣ እኔም አስተምሬው አላውቅም። አሁን የማጫውታችሁን ከሰማችሁ በኋላ «ይህ ሰው እንዴት ኬሚስትሪ ያስተምራል?» ብላችሁ ብትገረሙ አልቀየማችሁም። እኔንም ራሴን ብዙ ጊዜ ይገርመኛል።

የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። አንዲት ያረጀች የናፍጣ ፒክአፕ አለችኝ። ዕድሜዋ ከአብዛኞቹ ተማሪዎቼ ይበልጣል፤ ፀባይዋ ግን ከእነሱ አይሻልም። ናፍጣ ጠፍቶ በነበረ ጊዜ ቅዳሜና እሁዴ ማደያ በር ላይ በወረፋ አለቀ። ወረፋ የያዘ ሰው ሥራው ስልክ መጎርጎር ስለሆነ እኔም ስጎረጉር አንድ ፈረንጅ ድንች የጠበሰበትን ዘይት መኪናው ውስጥ ጨምሮ ሲነዳ አየሁ። እያፏጨ ነበር የሚነዳው። ጉድ የሠራኝ ያ ፉጨት ነው።

በማግስቱ ሉማሜ ሄድኩ። እዚያ አውቶቡስ ሲቆም ተሳፋሪው እየተጋፋ የሚገባበት አንድ መንገድ ዳር ሻይ ቤት አለ። ባለቤቷ እቴ ጥሩዬ በቀን ስንት ትሪ ሳምቡሳና ቦንቦሊኖ እንደምትጠብስ ራሷም አታውቀውም። የተጠበሰበትን ዘይት እንድትሰጠኝ ስለምናት ለምን እንደሆነ ጠየቀችኝ።

«ለመኪና ነው» አልኳት።

«ለመኪና?» መጭለፊያዋን እንደያዘች ወደ እኔ መጣች። «መምህር፣ ጤናዎን ነው?»

አስረዳኋት። ስለ ሞለኪውል ሁሉ ሳይቀር ነገርኳት። እሷም ሞለኪውሉን ትታ ዋናውን ነገር ያዘች።

«እንግዲያውስ የጾሙን ብቻ ይውሰዱ። በፍስክ ጊዜ ሥጋም ይገባበታል፣ ቅቤም ይነካዋል። በእናንተ አገር ብርድ ደግሞ ይረጋል» አለችኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መኪናዬ ከጾም ዘይት ሌላ ቀምሳ አታውቅም። እኔ ባለቤቷ እንኳ ያን ያህል አልጾምም።

ከኋላ ጭነት ማስቀመጫው ላይ በርሜል አሰርኩ። ከበርሜሉ እስከ ሞተሩ የጎማ ቱቦ ዘረጋሁ። ዘይት በብርድ እየወፈረ ስለሚያስቸግር የሞተሩ ሙቅ ውሃ ቱቦውን እያሞቀ እንዲያልፍ አደረግሁ። ሞተሩን በትንሽ ናፍጣ አስነሳለሁ፤ ሲሞቅ ወደ ዘይቱ አዞራለሁ። ሠራ! ሁለት ሳምንት ሙሉ እያፏጨሁ ነዳሁ። በሄድኩበት ሁሉ ሰው ሳምቡሳ የሚጠበስበትን ቤት ፍለጋ ዞር ዞር ይል ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት መኪናዋ ማሳል ጀመረች። ትሄድ ትሄድና ትንተባተባለች፣ ከዚያ ቀጥ ትላለች። የሰፈራችን መካኒክ ፈንቴ ጋ ወሰድኳት። ፈንቴ ከማውራት ብሎን መፍታት የሚቀለው ሰው ነው።

«አየር እየሳበች ነው» አለኝ።

«በየት በኩል?»

«አንዱ ጋ ቀዳዳ አለ።»

«ቀዳዳ ካለ ዘይቱ የታለ? መሬት ላይ አንድ ጠብታ እንኳ የለም!»

«አይወጣማ። ይገባል እንጂ።»

«ዘይት የማያስወጣ ቀዳዳ እንዴት ነው አየር የሚያስገባው?»

«መምህር፣ ሞተሩ ዘይቱን ይስባል አይደል? እየተሳበ ያለ ዘይት ምን ሊያደርግ ወደ ውጭ ይመጣል? የውጭው አየር ነው የሚገባው።»

ስለ ግፊት ለአሥረኛ ክፍል ያስተማርኩት በዚያው ሳምንት ነበር። ሰሌዳው ላይ ቀስት ስዬ፣ ቀስቱን በቀይ ጠመኔ አድምቄ፣ «ገባችሁ?» ብዬ ጠይቄ፣ «አዎ!» ብለውኛል። ያ ቀስት መኪናዬ ውስጥም እንደሚኖር ያልገባኝ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ፈንቴ ግንበኞች ውሃ ልክ የሚለኩበትን፣ ውስጡ የሚታይ ቱቦ ቆርጦ መሃል ላይ ገጠመው። ሞተሩ ሲነሳ አረፋ እየተከታተለ ሲያልፍ በዓይኔ አየሁ። ከዚያ በየመጋጠሚያው የሳሙና ውሃ ቀባና በብስክሌት መንፊያ ወደ ቱቦው አየር ነፋ። የመጀመሪያዎቹ መጋጠሚያዎች ዝም አሉ። ከሹፌሩ ወንበር በታች ያለችው ላይ ሲደርስ ሳሙናው አረፋ ሠርቶ አበጠ።

«ይቺ ናት። ፋሸታ ትፈልጋለች» አለ። ፋሸታ የሚሉት ቱቦውን ዙሪያውን አንቆ የሚይዝ ብረት ነው። «በልኳ የለኝም። ማክሰኞ ይመጣልኛል።»

እኔ ግን ማክሰኞን መጠበቅ አልቻልኩም። የእኔ ጉዳይ እሁድ ነበር።

ጉዳዬ ማስተዋል ናት። ትምህርት ቤታችን ውስጥ ሒሳብ ታስተምራለች። «ላግባሽ» ለማለት ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል፤ እሺ ለማለት እሷ አንድ ሻይ እንኳ አልጨረሰችም። የቀሩት አባቷ ነበሩ። አያ አዳሙ ይባላሉ፤ ከሮብ ገበያ አለፍ ብሎ ገብስና ድንች የሚያርሱ ሰው ናቸው። እኔን አይተውኝ አያውቁም። ችግሩ፣ አንድ የወፍጮ ቤት ባለቤት ልጅም እንደ እኔው ሽማግሌ ሊልክባቸው አስቧል። አያ አዳሙም ለልጃቸው እንዲህ ብለው ላኩባት፦ «እሁድ ከቅዳሴ በኋላ በሬ ክፍት ነው። ቀድሞ የደረሰውን ቀድሜ እሰማለሁ። ልቤን ካረካኝ ሌላውን አላደክምም።»

ማስተዋል ይህን ስትነግረኝ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። «ቀድማችሁ ድረሱ፤ አባቴ አንዴ ከተናገረ እኔም እናቴም አንመልሰውም» አለችኝ።

ታዲያ ማክሰኞን እንዴት ልጠብቅ? ጎጃም ተወልጄ ስንጥቅ በምን እንደሚደፈን ይጠፋኛል? እናታችን የተሰነጠቀ ቅል የምትደፍነው በሰም ነበር። ከቤተ ክርስቲያን በር ጧፍ ከሚሸጡት ዘንድ ሰም ገዛሁና አልፍቼ መጋጠሚያዋን ለበጥኳት፤ በጨርቅም ጠቀለልኳት። ጠዋት በብርዱ አስነስቼ ብሞክራት አንድ አረፋ የለም። እንደገና አፏጨሁ።

ሽማግሌዎቼ ሦስት ናቸው። አንደኛው መሪጌታ ናቸው፤ ደብረ ወርቅ ለብዙ ዘመን ያስተማሩ፣ ንግግር የሚያውቁ ሰው። ሁለተኛው የእናቴ ወንድም አያ ጌጡ፣ በመስኖ ሽንኩርት የሚያለሙ ገበሬ። ሦስተኛው የቤት አከራዬ አቶ ወርቁ ናቸው። አቶ ወርቁን የጨመርናቸው ሁለት ሽማግሌ ስለማያምር ነው፤ እሳቸውም መኪና ውስጥ እንደገቡ እንቅልፍ ወሰዳቸው።

አግቢው ሽማግሌ ተከትሎ አይሄድም፤ ትልቅ ነውር ነው። ግን መኪናዋን ከእኔ በቀር ማን ይነዳታል? ብትቆም አየሩን ማን ያስወጣላታል? ስለዚህ አያ ጌጡ ኮፍያ አደረጉልኝ፣ ጋቢ እስከ አፍንጫዬ አከናነቡኝ።

«ዛሬ ሹፌር ነህ። ስም የለህም። አፍም የለህም» አሉኝ።

ከማርቆስ ስንወጣ መኪናዋ ደህና ነበረች። ዳገቱ ሲጀምር ሳለች፤ ትንሽ ሄዳ ቆመች። ወርጄ በእጅ የሚገፋውን ፓምፕ እየገፋሁ አየሩን አስወጣሁ። ይህን ስሠራ ብርዱ ጆሮዬን ሊቆርጠው ደረሰ። ስትነሳ ደህና ሆነች። ጥቂት እንደሄደች ደግሞ ቆመች። ሦስቴ፣ አራቴ እንዲሁ ሆነ። ስትቆም ትድናለች፣ ስትሄድ ትታመማለች። ያቺን መጋጠሚያ ዘግቻታለሁ ብዬ ስለማምን ወደ እሷ ዘወር ብዬም አላየሁም። ሌሎቹን ሁሉ ግን በሳሙና አጠብኳቸው። ሁሉም ደህና ናቸው። አየሩ ከየት እንደሚገባ ጭራሽ ግራ ገባኝ።

መሪጌታ ከቅዳሴ እህል ሳይቀምሱ ነበር የመጡት። ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማለት አፉን አይሽርም፤ የመኪናዋ ጭስ ደግሞ እህል እህል ይላል።

«ልጄ፣ ይህ ሽታ መኪናው ነው ወይስ አንዱ ዘንድ ሳምቡሳ አለ?» አሉኝ።

«መኪናው ነው የኔታ።»

«ፈተና ነው» አሉና አፍንጫቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

በዚህ መሃል ማስተዋል ከአባቷ ቤት ደወለች። «የት ደረሳችሁ? እነዚያኞቹ ከማርቆስ ተነሥተዋል! ሚኒባስ ነው የያዙት!»

«እየደረስን ነው» አልኳት። መኪናው ሥር ተኝቼ ነበር።

የዚያን ጊዜ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ላለቅስ ምንም አልቀረኝም። ሁለት ዓመት ያሰብኩት ነገር በአንድ የማይታይ አረፋ ሊጠፋ ነው። አያ ጌጡ ግን መንገዱን ወደ ኋላም ወደ ፊትም ሲያዩ ቆዩና «ስማኝማ» አሉ። «ያቺን ትንሽ ቁልቁለት ስንወርድ አላሳለችም። ሜዳውም ላይ ደህና ናት። ዳገት ላይ ብቻ ነው የምትታመመው።»

«እና?»

«በርሜልህ ከኋላ ነው ያለው። አፍንጫዋ ወደ ላይ ሲቀና በርሜሉ ከሥር ይቀራል። እኔ ውሃ ከታች ወደ ማሳ አልስብም። ምንጩን ከማሳው በላይ አደርግና ራሱ ይወርድልኛል።»

«በርሜሉን እንዴት አድርገን ከፍ እናድርገው?»

«መኪናዋን አዙራት!»

መሪጌታ ሲገባቸው ደነገጡ። «ጀርባችንን ሰጥተን ነው የሰው ልጅ የምንጠይቀው? በሕይወቴ እንዲህ ያለ ሽምግልና አላየሁም!»

«የኔታ፣ እዚህ ቆመን ከምናመሽ በጀርባችን ብንደርስ ይሻላል» አሉ አያ ጌጡ።

አዞርኳት። አፍንጫዋን ወደ ማርቆስ፣ ጀርባዋን ወደ ሮብ ገበያ አድርጌ የኋላ ማርሽ አስገባሁ። ወጣች! ሳታስል ወጣች! በርሜሉ ግን ከኋላ ማየት ስለከለከለኝ መንገድ የሚመራኝ ሰው አስፈለገ። መሪጌታ ከኋላ ጭነቱ ላይ ቆመው በመቋሚያቸው ሊያሳዩኝ ተስማሙ። አንገቴን በመስኮት አውጥቼ የመቋሚያውን ጫፍ እከተላለሁ። መቋሚያው ወደ ቀኝ ሲዘነበል ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ሲዘነበል ወደ ግራ። ግን መሪጌታ ዕድሜ ልካቸውን በማኅሌት ያዘመሙ ሰው ናቸው። መቋሚያ ይዘው ዝም ብለው መቆም አይችሉም። መንገዱ ቀጥ ባለበትም እጃቸው ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ይላል፤ እኔም መሪውን ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ እላለሁ። በዚያ ላይ እሳቸው ወደ ላይ ዞረው ቆመው፣ እኔ ወደ ታች ዞሬ ተቀምጬ ስለነበር የማን ቀኝ እንደሆነ አልተስማማንም። አንዴ ቦይ ውስጥ ልንገባ አንድ ክንድ ሲቀረን አያ ጌጡ «መቋሚያውን አትስማ!» ብለው ጮኹ።

አንድ ጥምዝ ላይ መሪጌታ «አዞረኝ፣ አቁም» አሉና ቆምን። ከታች አንድ ሚኒባስ እየጎተተ መጥቶ አፍንጫ ለአፍንጫ ገጠምን። ውስጡ ነጭ በነጭ የለበሱ ሽማግሌዎች ሞልተዋል። እነሱው ናቸው!

አንድ ጺማም ሽማግሌ አንገታቸውን በመስኮት አወጡ። «እንዴት ዋላችሁ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን!» አሉ አያ ጌጡ።

«በአያ አዳሙ ቤት ጉዳይ ነው?»

«አዎን፣ በእሳቸው ጉዳይ ነው።»

ሽማግሌው እኛን ትኩር ብለው አዩ። መሪጌታ መኪናው በመቆሙ ተደስተው ላባቸውን እየጠረጉ ፈገግ ብለዋል። አቶ ወርቁ አፋቸውን ከፍተው፣ እጃቸውን ሆዳቸው ላይ አድርገው ያንኮራፋሉ፤ ጠግቦ የበላ ሰው ነው የሚመስሉት።

«በሉ፣ እንኳን ቀናችሁ» አሉ ሽማግሌው ቅር ባለው ድምፅ። ወደ ሹፌራቸው ዞረው አንድ ነገር ተናገሩ። ሚኒባሱም በዚያች ጠባብ ጥምዝ ላይ ወዲያ ወዲህ ብሎ ዞረና ወደ ማርቆስ ተመለሰ።

«ምን ሆነው ነው?» አሉ መሪጌታ።

«እኔ ምን ዐውቄ» አሉ አያ ጌጡ።

እኔም አልገባኝም ነበር። መሪውን ይዤ ወደ ፊት ሳይ ነው የገባኝ፦ የመኪናዬ አፍንጫ ወደ ማርቆስ ነው። ጠይቀን፣ ተፈቅዶልን፣ በልተን የምንመለስ መስለናቸው ነው። ደስ አለኝ። ወዲያው ደግሞ አፈርኩ። ለማንም አልተናገርኩም። የኋላ ማርሼን አስገባሁ።

አያ አዳሙ ግቢ በጀርባችን ገባን። ሰው ሁሉ ወጥቶ ያየን ነበር። ሽማግሌዎቹ ልብሳቸውን አስተካክለው፣ አቶ ወርቁን ቀስቅሰው ወደ ቤት ገቡ። እኔ ሰው እንዳያየኝ መኪናው ሥር ተኛሁ። እዚያ ሳለሁ አንድ ነገር አፍንጫዬ ላይ ጠብ አለ። ዘይት! በርሜሉ ከላይ ሆኖ ሲመጣ፣ አየር ይገባበት በነበረው ቀዳዳ ዘይቱ መውጣት ጀምሮ ኖሯል። ቀና ብዬ ሳይ ያችው ፈንቴ ያሳየኝ መጋጠሚያ ናት። ሰሙ የለም። ጨርቁ ላይ ቀልጦ አልቋል። የሞተሩ ሙቅ ውሃ ቱቦውን እንዲያሞቅ ያደረግሁ እኔ፣ እዚያው ላይ ሰም የለበጥኩ እኔ፣ የነገሮችን የመቅለጥ ባሕርይ የማስተምር እኔ። ስንቆም ሰሙ ይረጋል፣ ስንሄድ ይቀልጣል። ይህን ለማወቅ ግማሽ ቀን ፈጀሁ።

ከመሣሪያ ሳጥኔ ቁራጭ ከመነዳሪ፣ ያንን የጎማ ውስጥ ላስቲክ፣ አውጥቼ መጋጠሚያውን ማሰር ስጀምር የጫማ ኮቴ ሰማሁ።

«አንተ ሹፌር!»

አያ አዳሙ ናቸው። ከቤተሰባቸው ጋር ሊመካከሩ ሽማግሌዎቹን አስቀምጠው ወጥተዋል። በእጃቸው ያለውን ሰሐን ከሥር ሆኜ ባላየውም ሽታው ደርሶኛል።

«አቤት አባቴ!»

«ወጥተህ እህል ቅመስ።»

«እግዜር ይስጥልኝ። እጄ ዘይት ነው፣ ይህችን ልጨርስ።»

ሄደው ያርፋሉ ብዬ ነበር። ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። የሚታዩኝ ጫማቸው ብቻ ነው፤ ለእሳቸውም የሚታያቸው የእኔ እግር ብቻ ነበር።

«ምን ሆና ነው?»

«አየር እየሳበች ነበር። መጋጠሚያዋን በሰም ደፍነዋት፣ በሙቀቱ ቀለጠ።»

«ሙቀት ባለበት ሰም? ማነው እንዲህ ያደረገ?»

«ባለቤቱ።»

«ልጄን ያስጠየቃት መምህር?»

«አዎን፣ እሱ።»

«ሽማግሌ ሰውን ማሳመር ሥራው ነው፤ አልፈርድባቸውም። አንተ ግን አብረኸው ትውላለህ። እስቲ እውነቱን ንገረኝ፤ ምን ዓይነት ሰው ነው?»

እንዲህ ያለ ፈተና ወጥቶ አያውቅም። «ሞኝ ነው» አልኩ፤ ከአፌ አመለጠኝ።

«ይጠጣል?»

«ካገኘ ጠላ አይጠላም።»

«ይቆጣል?»

«መኪናዋን ብቻ ነው የሚቆጣት።»

«ልጄንስ ይወዳታል?»

«ይወዳታል አባቴ። ሞኝ ያደረገችውም እሷ ሳትሆን አትቀርም።»

«እነዚያኞቹ ደግሞ የውሃ ሽታ ሆኑ» አሉ። «መንገድ ላይ አላያችኋቸውም?»

«አላየንም» ማለት አንድ ቃል ነው። ከዚያች ቃል በኋላ ማስተዋል የእኔ ናት። አፌን ከፈትኩ፣ ግን አልወጣልኝም። ድንጋይ ላይ ተቀምጠው እውነት የሚጠይቁኝ፣ ለማያውቁት ሹፌር እህል ይዘው የመጡ ሰው ናቸው። ልጃቸውን ልወስድ መጥቼ በውሸት ልጀምር?

«አይተናቸዋል» አልኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ በኋላ ማርሽ መምጣታችንን፣ አፍንጫችን ወደ ማርቆስ መሆኑን፣ ጠይቀን የተመለስን መስሏቸው አዝነው መመለሳቸውን። «ሽማግሌዎቹ አልዋሹም፤ እስካሁን ለምን እንደተመለሱም አያውቁም። ያወቅሁት እኔ ነኝ፤ ዝም ያልኩትም እኔ ነኝ። ቢደውሉላቸው ይመለሳሉ።»

ጫማዎቹ አልተንቀሳቀሱም።

«ይህን ስትነግረኝ መምህሩን እንደጎዳኸው ዐውቀሃል?»

«ዐውቄያለሁ።»

«ቢሰማ ምን ይልሃል?»

«ዕድሜ ልኩን ይቅር የሚለኝ አይመስለኝም።»

ተነሡ። ሰሐኑን እግሬ አጠገብ አስቀምጠው ወደ ቤት ገቡ። እኔ ከመነዳሪውን አጥብቄ አሰርኩ፤ ሌላ ምን ልሥራ? እንባዬም ዘይቱም ፊቴ ላይ ተቀላቅለው ነበር።

ስንት ሰዓት እንደቆየሁ አላውቅም። አያ ጌጡ መጥተው ጎንበስ አሉ። ፊታቸው ሐዘን ይሁን ደስታ አይለይም።

«ተከልክለሃል» አሉኝ።

ብድግ ስል ግንባሬ ከብረቱ ተጋጨ።

«ተሰጥቶሃልም» አሉ ደግሞ።

«አያ ጌጡ፣ የቱ ነው?»

«እኔም ግራ ገብቶኛል። መጀመሪያ ለእነዚያኞቹ ደወሉላቸው። 'ከሌላ ሽማግሌ ኋላ አንገባም' አሏቸው። ከዚያ ወደ እኛ ዞረው 'ሙቅ ቱቦ ላይ ሰም ለሚለብጥ መምህር ልጄን አልሰጥም። ያ ከመኪናው ሥር ያለው ሹፌራችሁ ግን ሚስት ከሌለው ዛሬውኑ እሰጠዋለሁ' አሉ። የኔታ አፋቸውን እንደከፈቱ ቀሩ።»

«ከዚያስ?»

«አቶ ወርቁ ነቅተው 'እሺ ብለናል' አሉ።»

በሩ ላይ ማስተዋል ቆማለች። በነጠላዋ አፏን ይዛ ትስቃለች፤ ዓይኗ ግን ያለቅስ ነበር።

ይኸው ተጋባን፤ ልጅም ወለድን። አማቴ ያን ቀን ማን እንደሆንኩ ዐውቀው ይሁን ሳያውቁ እስከ ዛሬ አልነገሩኝም፤ እኔም ደፍሬ አልጠየቅኋቸውም። ብቻ በሆነ ነገር ያበሳጨኋቸው እንደሆነ ራሳቸውን ነቅነቅ ያደርጉና ለማስተዋል «ያ ሹፌር ይሻል ነበር» ይሏታል።